የአይሱዙው አቅጣጫ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና ወይም ሞጣ ለመዛወር ላሰበ ሰው

የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። አከራዩ ለሦስተኛ ጊዜ ጨምሮበታል። «አንተ እዚያ ስንት ትከፍላለህ?» አለኝ፤ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «በቃ፣ ቤተሰቤን ይዤ እመጣለሁ» አለ። አትምጣ አልኩት። ተቀየመኝ። ምቀኝነት ግን አልነበረም። የኪራይ ዋጋ ብቻ ሰምቶ የመጣ ሰው በስድስት ወሩ ዕቃውን ጭኖ ሲመለስ ስላየሁ ነው። መምጣትም አመጣጥ አለው። ያን ቀን በስልክ የነገርኩትን አስፋፍቼ ይኸው ጻፍኩት።

እኔ ከቂርቆስ ተነሥቼ ቢቸና የገባሁት በ2010 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ የሞጣ ልጅ ናት፤ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን መንገድ ከነአቧራው አውቀዋለሁ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ምክሬ ውስጥ ደብተር ከበዛ ከዚያ የመጣ ነው።

ደብተሩን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት

ከሁሉ በፊት የአንድ ወር ወጪዎን ሳያዳሉ ይመዝግቡ። የታክሲውን፣ የቡናውን፣ ለልጅ የሚገዛውን ማስቲካ ሳይቀር። ወሩ ሲያልቅ ገጹን በሦስት ዓምድ ይክፈሉትና በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህን የጫነው አይሱዙ የተነሣው ከየት ነው? (መኪናው ሌላ ሥሪት ቢሆንም እኛ ዘንድ የእህል መኪና ሁሉ አይሱዙ ነው።)

በመጀመሪያው ዓምድ ከጎጃም ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ይጻፉ፦ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ቅቤ፣ ማር፣ እንቁላል፣ በግ። እነዚህ ቢቸናና ሞጣ ላይ የመንገዱን፣ የደላላውንና የእህል በረንዳውን ትርፍ ሳይሸከሙ ያገኙዎታል። በሁለተኛው ከአዲስ አበባ ወይም ከጅቡቲ ተነሥቶ አባይን ተሻግሮ የሚመጣውን ያስፍሩ፦ ስኳር፣ ሳሙና፣ መድኃኒት፣ ስልክ፣ ልብስ፣ ብረት። ይኸኛው ከአዲስ አበባ ቢወደድ እንጂ አይረክስም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው የጨመረው መርካቶም ቢቸናም ነው፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ መኖር ከዶላር አያስጥልም። ሦስተኛው ዓምድ መኪና ላይ የማይጫነው ነው፦ የቤት ኪራይ፣ የሰው ጉልበት፣ ጸጉር ማስተካከያ፣ ከቤት ሥራ ቦታ የሚያደርስ ትራንስፖርት። እውነተኛው ቅናሽ ያለው እዚህ ዓምድ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጤፉ ላይ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በዓመት 5 ኩንታል ጤፍ ይበላል እንበል። በኩንታል የ2,000 ብር ልዩነት ቢያገኙ በዓመት 10,000 ብር፣ በወር 833 ብር መሆኑ ነው። አንድ ሰው ታሞ ከአስታማሚ ጋር አዲስ አበባ ደርሶ ቢመለስ የዓመቱ የጤፍ ትርፍ ያልቃል። ስለዚህ በጤፍ ብቻ ተማርከው አይምጡ። ሦስተኛው ዓምድዎ ከጠቅላላ ወጪዎ ግማሽ ገደማ ከሆነ፣ ማለትም ደመወዝዎን አከራይና ታክሲ የሚበላው ከሆነ፣ መዛወሩ ያዋጣዎታል። የሚበልጠው ሁለተኛው ዓምድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወይም ከውጭ የሚመጣ ወተት የሚጠጣ ሕፃን ካለዎት፣ ደብተሩን ይዝጉና ባሉበት ይቆዩ።

ይህ ስሌት አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችንም እንግዳ አይደለም። ከዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለቀው ኮለምበስ ኦሃዮ የገቡ ዘመዶች የሚነግሩን ተመሳሳይ ነው፤ የዲሲ ዙሪያ የኪራይ ብር መሀል አገር ቤት ያስገዛል። ልዩነቱ እነሱ በወጡበት መንገድ በማግስቱ መመለስ መቻላቸው ነው። የእኛ መንገድ ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ስለ ጤፍ ካነሣሁ አይቀር

ጤፍ የሚገዛው በክረምት አይደለም። እህሉ ተወቅቶ ከአውድማ የሚወጣው ጥር ላይ ነው፤ ገበሬው ግብርና ዕዳ ስላለበት ያኔ ይሸጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለጎተራ ነው። እንደ ስንዴና ባቄላ ነቀዝ ስለማይደፍረው ጤፍ በደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ዓመቱን ይዘልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጠባዎ ለሶፋ ሳይሆን ለጥር ጤፍ ይሁን።

የመጀመሪያ ዓመት ጤፍ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ሴትዮዋ የጆንያውን አፍ ገልጣ እፍኝ ሙሉ ነጭ ጤፍ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝና «እፍ በለው» አለችኝ። እፍ አልኩት፤ ገለባው ሄደ። «እሱን ሁሉም ያደርገዋል፤ አሁን ትንሽ ቆንጥረህ በፊት ጥርስህ ያዘው።» ያዝኩት፤ ተንኮሻኮሸ። ሳቀችብኝ። «ይኸ አፈር ነው ልጄ። ከተሜ በዓይኑ ነው የሚገዛው።» ከዚያ ከኋላዋ ካለው ከሌላኛው ጆንያ ቆንጥራ ሰጠችኝ፤ እሱ ጸጥ ያለ ነበር። እስካሁን ጤፍ የምገዛው ከእሷ ነው፤ ዋጋ ላይ ግን አሁንም አትምረኝም።

ሽሮ ሲገዙ ደግሞ ከምን እንደተፈጨ ይጠይቁ። ረከስ ያለ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊበዛ ይችላል። ጓያ የድርቅ ጊዜ እህል ነው፤ ሲበዛና ሲዘወተር እግር ይሰብራል፣ የሰበረውም አይድንም። አተሩን፣ ባቄላውን ወይም ሽንብራውን ራስዎ ገዝተው ያስፈጩ።

ገቢዎ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ሰው ያዋጣዋል። አንዱ ጡረተኛ ነው፤ አበሉ የትም ባንክ ቢወጣ ያው ነው። ሁለተኛው ውጭ ካለ ልጅ ብር የሚላክለት ነው። ሦስተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ብዙ ሰው የማያስተውለውም እሱን ነው። የፌዴራሉ የደመወዝ ስኬል ለከተማ ትልቅነት አያዳላም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ጀማሪ መነሻው 11,500 ብር ተደርጓል። በዚህ ብር ቦሌ ክፍል ፈልጉ ቢባል እንስቃለን፤ ቢቸና ላይ ግን ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ እቁብ ሊጣልበት ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የሚጨመረው የቤትና የትራንስፖርት አበል እንደሚቀር ግን አይርሱ፤ ጥያቄው አበሉ የኪራዩን ልዩነት ይሸፍናል ወይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። መምህር፣ ነርስ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆኑ ዕቃ ከመጫንዎ በፊት ዝውውሩን ጨርሰው ደብዳቤውን በእጅዎ ይያዙ። «ና፣ ቦታ አለ» የሚል የአፍ ቃል ደብዳቤ አይደለም።

የማያዋጣው እዚሁ መጥቶ ሥራ ልፈልግ ለሚል ነው። ርካሽ ከተማ ውስጥ የሚከፈለውም ርካሽ ነው። የቀን ሠራተኛው፣ የሱቅ ሻጩ፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ የሚኖረው በሦስተኛው ዓምድ ዋጋ ነው፤ የእርስዎ ቅናሽ የእሱ ደመወዝ ነው። በኢንተርኔት እየሠራሁ እኖራለሁ የሚሉ ወጣቶችም ብዙ ናቸው። ለእነሱ የሚቀጥለውን ክፍል ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት እመክራለሁ።

መንገዱን ዘመድ አይጠይቁ፣ ሾፌር ይጠይቁ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ምሥራቅ ጎጃም ከግጭቱ አልራቀም። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት የከረመበት ጊዜ አለ። ከአባይ በረሃ ማዶ፣ በሰሜን ሸዋ በኩል ደግሞ የታገቱ መንገደኞች አሉ፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ገርበ ጉራቻ አካባቢ ተማሪዎችን ከያዙ አውቶቡሶች ላይ የደረሰውን አገር ሁሉ ሰምቷል። ይህን ዘልዬ ስለ ንጹሕ አየር ብጽፍልዎ አታልልዎታለሁ።

ዘመድዎን «ሰላም ነው?» ብለው ቢደውሉለት «ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነን» ይልዎታል። ውሸት አይደለም፤ ሰላምታ ነው። የመስመሩን ሾፌር ግን ይጠይቁ፦ «ባለፉት 30 ቀናት ስንት ቀን ቆምክ? በየት በኩል ነው የምትሄደው? በመንገድ ላይ ለስንት ቦታ ከፈልክ?» ሾፌር ቀኑን ቆጥሮ ይነግርዎታል፤ ቀኑ ለእሱ ብር ነው። ሁለተኛ መምህር ይጠይቁ፦ «ዘንድሮ ስንት ወር አስተማራችሁ?» ሦስተኛ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፦ «ምን ምን ጠፋብህ?» የሦስቱ መልስ አንድ ላይ ሲጻፍ የከተማው ትክክለኛ ዋጋ ይወጣል። ልጆች ያሉት ሰው የመምህሩ መልስ ካላረካው አይምጣ፤ ትምህርት የቀረበት ልጅ ዓመት በምንም ኪራይ አይካካስም።

ሁሉን ሰምተው ከወሰኑ ደግሞ ቤትዎ ውስጥ የሦስት ወር እህል፣ የሦስት ወር መድኃኒትና ባንክ ቢዘጋ የሚያቆይዎት ጥሬ ብር ይኑር። ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ስልክ ላይ ያለ ሥዕል ነው።

በመስከረም አይወስኑ

አገሩን ለማየት የሚመጣ ሰው በመስከረም ወይም በጥምቀት ይመጣል። አደይ አበባው፣ ቢጫው ማሳ፣ የጥምቀቱ ጭፈራ፤ ማን ይጠላል? እርስዎ ግን በሐምሌ መጨረሻ መጥተው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቀመጡ። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ዝናቡ ዝናብ፣ ብርዱም ብርድ ነው። የቢቸና ዙሪያ ደግሞ ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር። ጤፉን ነጭ የሚያደርገው እሱ ነው ይባላል፤ ጫማዎን የሚበላውም እሱ ነው። ቦቲ ጫማ ይግዙ።

ዋልካው ቤትም ይበላል። የመጀመሪያ ቤቴን የተከራየሁት በነሐሴ ነበር፤ ግድግዳው አዲስ ተለስኖ፣ ኖራ ተቀብቶ ያበራል። ኅዳር ላይ ከመስኮቱ ጥግ ወደ ጣሪያው የሚሄድ ስንጥቅ አየሁ፤ የአንድ ብር ሳንቲም ገባበት። ጥር ላይ ጣቴ ገባ። መጋቢት ላይ ሚስቴ ከውጭ ቆማ ስታናግረኝ ከንፈሯን አየሁት። አፈሩ ሲደርቅ መሠረቱ አብሮ ይሸሻል፤ ቤቱም ይከተለዋል። አከራዬ «እሱ ለአየር ነው» አሉኝ፤ አሁን ሳስታውሰው እስቃለሁ፣ ያን ጊዜ ግን አልሳቅኩም።

ስለዚህ ቤት ሲያዩ አዲስ ልስን ካለ ይጠራጠሩ፤ ስንጥቅ ይሸፍናል። የበርና የመስኮት ጥጎችን በጣትዎ ይዳስሱ፣ ወደ ጎን ያጋደለ ስንጥቅ ካለ የመሠረት ነው። በሩን ይዝጉና ይክፈቱ፤ የሚፋተገው ከላይ ከሆነ ግድግዳው ተንቀሳቅሷል። ከሁሉ በላይ ጎረቤቱን ይጠይቁ፦ ይህ ቤት በመጋቢት ምን ይመስላል? መሠረቱ ጥልቅ ተቆፍሮ በድንጋይ የተሞላ ብሎኬት ቤት ካገኙ ትንሽ ቢወደድም ይያዙት። ሮቶ ያለው ግቢ ይምረጡ፤ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሌለው ሰው ከጄሪካን ጋር ቦኖ ላይ ይሰለፋል። መብራትም ሲጠፋ ይጠፋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው ከጎኑ የማገዶ ምጣድ ይኑረው። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንጀራን እንደሚያበስል እዚህ ነው ያየሁት።

ቢቸና ወይስ ሞጣ?

እኔን ከጠየቁኝ አዳልቼ ቢቸና እልዎታለሁ። ባለቤቴን ቢጠይቋት ደግሞ ሞጣ። ሁለታችንም ምክንያት አለን።

ቢቸና ለአዲስ አበባ ትቀርባለች፤ ደጀን ላይ ታጥፈው ብዙ ሳይቆዩ ይደርሳሉ። አነስ ያለች የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሰው በስም ይተዋወቃል። የበላይ ዘለቀ አገር ስለሆነች የአርበኝነት ወግ በየቡና ቤቱ አለ። ዲማ ጊዮርጊስም ከዚሁ ቅርብ ነው፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌል ያደገችበት፣ በዛብህም ጥሎ ወደ አዲስ አበባ የተነሣበት ዲማ። እሱ በእግሩ የሄደበትን መንገድ እርስዎ ገልብጠው መምጣትዎ ነው።

ሞጣ ትሰፋለች፣ ንግዷም ይደምቃል። ወደ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከባድ ሕመም ሲመጣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መሄድ ይቻላል፤ እዚያው ሞጣም አጠቃላይ ሆስፒታል አለ። ከቢቸና የሚላከው ሕሙም በአብዛኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ነው። ከአባይ ማዶ ያለው የደቡብ ጎንደር ሰውም ሞጣ ገበያ ይወጣል። መሻገሪያው በፋሲለደስ ዘመን የተሠራው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሀሉ የተቆረጠው ሰባራ ድልድይ ነበር። ለብዙ አሠርት ዓመታት ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮለት ከአፋፍ ወደ አፋፍ ይጎተት ነበር፤ በኋላ ሌላ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። ነጋዴ ከሆኑ ይህ ማለት የሁለት አገር ገበያተኛ ማለት ነው፤ ሞጣ ይሂዱ። ጡረተኛ ከሆኑና አዲስ አበባ ያሉ ልጆችዎ እንዲጠይቁዎት ከፈለጉ ቢቸና ይሻልዎታል። እኔና ባለቤቴ እዚህ ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

የትም ቢሆኑ በደመወዝ የማይኖር ሰው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይግባ። ምዝገባው በዓመት አንድ ወቅት ስለሆነ ቀኑን ቀበሌ ጠይቀው ይያዙ።

ውልና መሬት

የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ክልሎች ደግሞ የሚሠራባቸውን ከተሞች ይወስናሉ። ከተማዎ ውስጥ ይሠራበት እንደሆነ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ። የማይሠራበት ቢሆን እንኳ ውሉን በዚያው ቅርጽ ይጻፉት፤ «እኛ እኮ እንተማመናለን» የሚል አከራይ ሲገጥምዎ «ስለምንተማመን ነው የምንጽፈው» ይበሉት። ከአዲስ አበባ ቀበሌዎ መሸኛ ያውጡ፣ የፋይዳ መታወቂያም ከሌለዎት እዚያው ሳሉ ይመዝገቡ።

ቤት ልሥራ ካሉ ይጠንቀቁ። የከተማ መሬት የሚገኘው በሊዝ ነው፤ ይህ በአዋጅ 721/2004 ተደንግጓል። በከተማው ዳር «የገበሬ መሬት በርካሽ አለ» የሚልዎ ደላላ አይጠፋም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ ሽያጩን የስጦታ ወይም የብድር ውል ያስመስሉታል። በዚያ የሚሠራው ጨረቃ ቤት ነው፤ ሌሊት ይሠራል፣ አንድ ቀን በጠዋት ይፈርሳል። ከዚህም ባሻገር እዚህ አገር የመሬት ነገር አይነካም። በ1960 ዓ.ም. ሞጣና ቢቸና በእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ላይ የተነሡት ግብሩ ከብዷቸው ብቻ አይደለም፤ መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው ብለው ነው። የአንድ ገበሬ መሬት ላይ እጅዎን ሲያሳርፉ የወንድሞቹን፣ የአጎቶቹንና የልጅ ልጆቹን ጥያቄ አብረው እንደሚገዙ ይወቁ። ነባር ይዞታ ያለው፣ ካርታው በማዘጋጃ ቤት የተረጋገጠ ቤት ካልሆነ ቢያንስ ሁለት ዓመት ተከራይተው ይኑሩ።

በደብተሩ የማይገኘው ወጪ

አዲስ አበባ ላይ የጎረቤትዎን ስም ሳያውቁ አሥር ዓመት መኖር ይችላሉ። እዚህ አይቻልም። በገቡ በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ መጥተው «እድር ገብተሃል?» ይሉዎታል። ይግቡ፤ መግቢያውን አይከራከሩ። እድር ያልገባ ሰው ሲሞት ብቻ አይደለም የሚቸገረው፤ ሲታመም የሚሸከመው፣ ቤቱ ሲዘረፍ የሚጮህለት አያገኝም። ግን ወጪ ነው። ልቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ሠርግ አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ተዝካር አለ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ስደምር በኪራይ ካተረፍኩት አንድ አራተኛው በድንኳን ሥር አልቋል። አላዘንኩም፤ አራተኛ ዓምድ ጨመርኩ እንጂ።

ሌላም አለ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሀብታም ነው ተብሎ ይታሰባል። ለስድስት ወር ያህል ዋጋው ሁሉ የእንግዳ ዋጋ ነው። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፦ ከአንድ ሰው ብቻ ይግዙ። ከአንዷ ጤፍ፣ ከአንዱ ሥጋ፣ ከአንዱ ሳሙና። ደንበኛ ሲሆኑ ዋጋው በራሱ ይወርዳል፤ ሲጠፉም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅዎ ይኖራል።

ዕቃውን የሚጭኑበት መኪና

ወስነዋል እንበል። ሙሉ መኪና ኮንትራት አይያዙ። የጎጃም ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የገባ አይሱዙ ተመልሶ መሄድ አለበት፤ ሲመለስ ሳሙናና ቆርቆሮ ይጭናል፣ ወይም ግማሹ ባዶ ነው። እህል በረንዳ ሄደው የቢቸና ወይም የሞጣ ሾፌር ያፈላልጉ፤ ካራገፈ በኋላ ያነጋግሩት፣ ከማራገፉ በፊት ልቡ ከጤፉ ጋር ነው። መንገዱንም ያኔውኑ ይጠይቁት።

አልጋና ጠረጴዛ አይጫኑ፤ እዚህ ያሉ አናጢዎች ከባሕር ዛፍም ከዋንዛም ጥሩ አድርገው ይሠራሉ። ማቀዝቀዣውን፣ መጽሐፉን፣ የክረምት ብርድ ልብሱን፣ የሦስት ወሩን መድኃኒት ይጫኑ። ማቀዝቀዣው ቆሞ ይሂድ እንጂ አይተኛ። መስታወት ያለበት ቁም ሣጥን ካለዎት በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከካቢናው ጀርባ ጋር ያስሩት፣ መሀል ላይ አይተዉት፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ዕቃውን ሁሉ ወደፊት ይገፋዋል፣ ወደ ደጀን ሲወጡ ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የኛው መስታወት የተሰነጠቀው ዳገቱ ላይ ነው።